ቋሚው ማነው?

የእርሻ ድርጅት መጠይቅ ላይ አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች፤ «የቋሚ ሠራተኛ ብዛት» ትላለች። መተማ ላይ እዚያች ሳጥን ውስጥ የሚገቡት የትራክተር ሾፌሩ፣ ዘበኛውና ካቦው ናቸው። ሰሊጡን ያረመው፣ ያጨደውና ያራገፈው ሕዝብ «ጊዜያዊ» ተብሎ ወደ ጎን ይጣላል። እኛም ቁጥሩን በመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ ገልብጠን «እርሻው ብዙ ሰው አይዝም» ብለን እንደመድማለን። ይህ ቁጥር ውሸት ነው እንላለን!

እስቲ ሥራውን እንየው። ከገንዳ ውኃ እስከ ቋራ በተዘረጋው ዋልካ ላይ ማረሱን ትራክተር ይሠራዋል። በሐምሌና በነሐሴ አረሙ የሚነቀለው ግን በሰው እጅ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። በዚያ ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የወረደው ጉልበት ባይኖር ባለሀብቱ ምን ይቀረዋል? መሬትና ብረት ብቻ!

አሁን እንቁጠር። አንድ እርሻ 5 ቋሚ ሠራተኞች አሉት እንበል፤ ሌሎች 200 ሰዎችን ደግሞ እያንዳንዳቸውን ለ60 ቀን ያሠራል። 12,000 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። አንድ ሰው በዓመት 300 ቀን ይሠራል ብለን ብናካፍለው የ40 ሰው ሙሉ ዓመት ሥራ ይወጣዋል። ሳጥኗ 5 ትላለች፤ ማሳው 45 ይላል። ማንን እንመን? የአውሮፓ የእርሻ ስታቲስቲክስ የወቅት ሠራተኛውን ጊዜ ደምሮ ወደ ሙሉ ዓመት ሥራ ይመነዝራል። እኛን ምን ከለከለን?

«ኧረ እሱ እኮ መከሩ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይሄዳል» የሚሉን አሉ። አዎ ይሄዳል፤ በዓመቱም ተመልሶ ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ በአንቀጽ 10 ይህን አልካደም፤ ከድርጅቱ ቋሚ ሥራ ጋር የተያያዘና በየዓመቱ የሚደጋገም የወቅት ሥራ እንዳለ ይናገራል። ይህንኑ ሥራ ግን ለተወሰነ ጊዜ ውል ለቀቀው። ሥራው ቋሚ፣ ሠራተኛው ጊዜያዊ! ይህች ብልሃት የማንን ኪስ እንደምትሞላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት ነው፤ በግንቦት መተማ ገና ዝናብ የምትጠብቅ ቆላ ናት፤ አራሚው አልወረደም። ወባና ካላዛር ደግሞ አጥብቀው የሚይዙት በሽታውን ሳይለምድ ከደጋ መጥቶ ሜዳ ላይ የሚያድረውን ይህንኑ ሰው ነው። ጤና ጣቢያውና የውኃ ጉድጓዱ በነዋሪ ቁጥር ብቻ ከታቀደ በነሐሴ የሚጎርፈው ሕዝብ ለማን ተተወ? ለእግዜር?

ስለዚህ ጓደኞች፣ ለጥናት ስንወርድ መጠይቁን እንለውጠው። «ስንት ቋሚ አለ?» ብቻ ብለን አንመለስ፤ «ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ለስንተኛ ዓመቱ?» እንበል። ጥያቄውንም ግንቦት ላይ ቢሮ ለተቀመጠው ሳይሆን መስከረም ላይ ማጭድ ለያዘው እናቅርብ። በየዓመቱ የሚመለስ ጉልበት ቋሚ ጉልበት ነው!