ለግቢያችን ራዲዮ ዲጂታል ይቅደም ወይስ አናሎግ?

አማተር ራዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለአገልግሎት፣ በፈቃድ የሚካሄድ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ጎንደር ላይ የተማሪዎች ጣቢያ ይቋቋም የሚል አሳብ በተነሣ ቁጥር «ዘመኑ የዲጂታል ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። እኛ ግን በዘመን ስም ብቻ የሚዘጋ አይመስለንም፤ መጀመሪያ አገሩን አይተን እንፍረድ እንላለን።

የዲጂታልን ሙያ አንክድም። ዲ.ኤም.አር. የተባለው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ደንብ፣ 12.5 ኪሎ ኸርዝ በሆነ አንድ መስመር ሁለት ንግግር በየተራ ያሳልፋል፤ አስተላላፊው ግማሹን ጊዜ ስለሚያርፍም ባትሪ ይቆጥባል። ድምፁም ጫጫታ የለበትም። ዳሩ ግን ሞገዱ ሲደክም ዲጂታል እንደ ሊማሊሞ ነው፤ እስከ ጫፉ ድረስ ሜዳ፣ ከጫፉ ወዲያ ገደል። አናሎግ የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው። ይሻክራል፣ ይርቃል፤ የለመደ ጆሮ ግን ከጫጫታው መካከል አንዲት «ደባርቅ»፣ አንዲት «ውኃ» ለቅሞ ያወጣል።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ እሳቱን ሊያጠፋ ወጥቷል፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ረድተዋል። እንዲህ ባለ ቀን ከሸንተረሩ ማዶ የቆመው ሰው የተናገረው ግማሹ እንኳ ቢሰማ፣ ጭራሽ ካለመሰማቱ ይሻላል።

ደግሞ የቋንቋችን ነገር አለ። ዲ-ስታርም ሆነ ዲ.ኤም.አር. ድምፃችንን እንዳለ አይልኩትም። ኤ.ኤም.ቢ.ኢ. የተባለው መጨመቂያ ንግግሩን 20 ሚሊ ሴኮንድ በሆኑ ቁራጮች ከፍሎ ይለካል፤ በሴኮንድ 2,400 ቢት ያህል ብቻ ይልካል፤ ማዶ ያለው ራዲዮ በዚያ ልክ አዲስ ድምፅ ይሠራል። አሁን «ሰው ጠፋ» ብለን ብንጣራ፣ ጠ ከተ የምትለየው በአጭር ፍንዳታ ነው፤ ያች ፍንዳታ ከተበላች ሰውየው ተፋ እንጂ አልጠፋም! (ነገሩ ያስቃል፤ ፈላጊ ልኮ ለሚጠብቅ ግን አያስቅም።) ስለዚህ ይገዛ ከመባሉ በፊት በፊደሎቻችን ይፈተን። ሁለት ራዲዮና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ አድማጩ ዝርዝሩን ሳያይ የሰማውን ይጻፍ።

ዲጂታል ጣቢያዎች በሩቅ የሚገናኙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት እንደተቋረጠ ማን ይረሳል? በኢንተርኔት ላይ የቆመ ራዲዮ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚታጠፍ ዣንጥላ ነው። በ7 ሜጋ ኸርዝ ግን 20 ሜትር ያህል ሽቦ ዝቅ አድርጎ ቢዘረጉ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለሳል፤ ተራራ አያግደውም። ጎንደርና አዲስ አበባ በአየር መስመር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂው ግቢ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ ቀን ቀን በዚህ መንገድ ለመጥራት ይቻላል።

ፈቃድም አለ። ዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ አማተሮች ትርጉሙ የተሰወረ መልእክት እንዳይለዋወጡ ይከለክላል። አናሎግ ይዘን ባለሥልጣኑ ፊት ስንቀርብ «በማንኛውም ራዲዮ ስሙን» ለማለት እንደፍራለን፤ የመሰወሪያ ቍልፍ ያለበትን ዲጂታል ራዲዮ ይዞ ይህን ማለት ግን ይከብዳል።

ዲጂታልን ለዘለዓለም እንዝጋ አላልንም። ኤ.ኤም.ቢ.ኢ. የባለቤቱ ንብረት ሆኖ የታሸገ ነው፤ አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ዴቪድ ሮው የሠራው ኮዴክ 2 ግን ለሁሉ የተገለጠ ስለሆነ በኮምፒዩተር ከፍተን ልንመረምረው፣ ለአማርኛም ልናርመው እንችላለን። እንግዲህ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አናሎጉ ራዲዮና ሽቦው ይገዙ፤ ኮዴክ 2ን የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ይረከቡት፤ የመፈተኛ ቃላቱን ደግሞ የአማርኛ ክፍል ጓደኞቻችን ያዘጋጁልን፤ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ እና ጰ እንዳይቀሩ።