«ክር እኮ ነው» ከማለታችሁ በፊት

የእጅ ዳንቴል የምትሸጥ እናት ዋጋ ስትጠራ ብዙዎቻችን የምንላት ነገር አለ፦ «ኧረ ክር እኮ ነው!»

አቋሜን ከመነሻው ልንገራችሁ። ይህን የሚል ሰው አንድ ሳምንት ኪሮሽ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሠራሮች ቢማር ቃሉን አይደግመውም። እኔ ተምሬያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው። ክሩን ቋጥራችሁ አንድ ቀለበት ትሠራላችሁ፤ ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ስትስቡት ሌላ ቀለበት ይወጣል። ሁለተኛው አጭሩ ነው። ኪሮሹን ሰንሰለቱ ውስጥ ሰክታችሁ ክር ስታወጡ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ ክሩን ደግማችሁ ይዛችሁ በሁለቱም ታሾልኩታላችሁ። ሦስተኛው ረጅሙ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ትጠመጥማላችሁ፤ ክር ስታወጡ ሦስት ቀለበት ይሆናል፤ መጀመሪያ ሁለቱን፣ ቀጥሎ የቀሩትን ሁለቱን ትዘጋላችሁ። እናቶቻችን ሶፋና ጠረጴዛ የሚያለብሱበት አበባና ኮከብ በአብዛኛው የእነዚህ ሦስቱ ቅንብር ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ጀማሪ ግን ክሩን ያጠብቅና ኪሮሹ አልገባ ይለዋል። የመስመሩን የመጨረሻ ቀለበት ይዘላል፤ አራት ማዕዘን ብሎ የጀመረው እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። መድኃኒቱ በየመስመሩ መቁጠር ነው። ሳይቆጥር አሥር መስመር የሄደ ሰው አሥሩንም ይፈታል።

እስቲ አብረን እናስላ። ጎንና ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የጠረጴዛ ዳንቴል እናስብ። በአንድ ሳንቲ ሜትር 3 ረጅም ቢገባ በአንድ መስመር 120 ይሆናል። 60 መስመር ቢኖረው 7,200። የለመደች እጅ ለአንዱ 4 ሰከንድ ቢበቃት 8 ሰዓት ነው፤ ያለ እረፍት፣ ያለ ስህተት። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን! ለሶፋና ለጠረጴዛ 7 ቁራጭ ያዘዘ ሰው 7 የሥራ ቀን ነው ያዘዘው። ክሩ ከዋጋው ትንሹ ክፍል ነው።

«ገበያ እኮ ርካሽ ዳንቴል ሞልቷል» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ዳንቴል የሚመስል ጨርቅ የሚያመርት ማሽን አለ። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን በፋብሪካ የሚያመርት ማሽን እስካሁን ገበያ ላይ የለም። በኪሮሽ የተሠራ ነገር የትም አገር፣ በየትኛውም ሱቅ ብታዩ የሰው እጅ ሠርቶታል። ስለዚህ የማሽኑን የፈለገ የማሽኑን ይግዛ፤ መብቱ ነው። የእጁን መርጦ የማሽኑን ዋጋ መስጠት ግን ልክ አይደለም። «ለኔም አንድ ሥሪልኝ» ብሎ በዝምድና ማስሠራትም ያው ነው።

በፈረንጆቹ 1840ዎቹ አየርላንድ በድንች ረሃብ ስትመታ ብዙ ቤተሰቦች ሴቶቹ ኪሮሽ እየሠሩ በሚያገኙት ገንዘብ ነው የከረሙት። እኛም ሰፈር ዳንቴል ሸጠው ደብተርና ዩኒፎርም የገዙ እናቶች ሞልተዋል። ይህ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር።

«ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ?» ለምትሉኝ ደግሞ፦ የምትኮሩበትን የሀገር ልብስ ማን ነው የሚሸምነው? ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ሸማኔዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ የኖረበት አገር ላይ ክር ወንድን አያሳፍርም።

ስለዚህ አንድ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ግዙ፤ ለጀማሪ ወፈር ያለና ፈዛዛ ቀለም ያለው ይሻላል፣ ቀለበቱ ይታያል። ያ ካልሆነላችሁ እንኳ በሚቀጥለው ገበያ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እናቴ፣ ይሄ ስንት ቀን ፈጀብዎት?» መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ተከራከሩ።