ስለ ባዛራችን ሀብሎች

እዚህ ካምፓላ፣ ኪሬካ አጠገብ ባለው አቾሊ ኳርተር፣ ከሰሜን ኡጋንዳ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሴቶች ከወረቀት ዶቃ ይሠራሉ። አሮጌ መጽሔት አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ሹል ሆኖ በረጅሙ ይቆረጣል፤ ከሰፊው በኩል በመርፌ ላይ እየተጠቀለለ በሙጫ ይጣበቃል፤ ቫርኒሽ ተቀብቶም ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ቢድ ፎር ላይፍ እንዲህ ያለውን ዶቃ ውጭ አገር ሸጠ። እኔን የገረመኝ ግን ሽያጩ አይደለም። ሴቶቹ ያገኙትን ቆጥበው ሌላ ንግድ እንዲጀምሩ ይታገዙ ነበር። በአገራችንም እንጦጦ ላይ ከጥይት ቀለህ ጌጥ የሚሠሩ እናቶች አሉ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ልጆቻችን ነው። ባለፈው ባዛር ትልልቆቹ ተማሪዎች የሠሩትን ሀብል ሸጠው ገንዘቡን በሙሉ ለተቸገሩ ሰጡ። አጨበጨብንላቸው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። በቀጣዩ ተርም ግን የክርና የሙጫ መግዣ አጥተው ወላጆቻቸውን ለመኑ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ሂሳብ መያዝ ያላስተማርናቸው እኛ ነን።

«ልጅ ስለ ትርፍ ምን ያውቃል?» የምትሉኝ ወላጆች አላችሁ። ሱቅ ውስጥ ያደጉት ልጆቻችሁ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ!

ስለዚህ በመጪው ባዛር ወጪው አስቀድሞ በደብተር ይመዝገብ፤ መነሻው ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከትርፉ ምን ያህል ለማን እንደሚሰጥ ልጆቹ ተመካክረው ይወስኑ። እናንተም ገዢዎች፣ ልጆች ናቸው ብላችሁ ዋጋ አታስቀንሷቸው። ደብተሩን በማግስቱ እኔ ራሴ አየዋለሁ።