ብልቃጥ መላክ ሕክምና መላክ አይደለም

ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ብዙ መኪና ስላለ ዛሬም ጽሑፌ ረዘም ይላል። ብዙዎቻችሁ አትወዱትም፤ ግን ከራሴ ጥፋት ስለምጀምር ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ያለች አክስቴ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሌሊት የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ፒፐራሲሊን ታዞባክታም የሚባል መርፌ ታዟል፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አልቋል፣ ውጭ ተገኝቷል፣ ብር ላክ» አለኝ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ላክሁ። የቤተሰቡ ግሩፕ በምርቃት ተጥለቀለቀ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ በጉሉኮስ መግባት እንደጀመረ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ነርሷ ወዲያው ነቅላ አድሬናሊን ወጋቻት። አክስቴ ተረፈች፤ ተመስገን።

ጥፋቱ የማን ነው? ከመወጋቷ በፊት «ፔኒሲሊን ያስቆጣታል?» ተብሎ ተጠይቆ ነበር። እሷ መናገር አቅቷታል። ልጁ «የለባትም» አለ፤ አያውቅማ። የማውቀው እኔ ነበርኩ። እናቴ፣ አክስቴ በልጅነቷ ፔኒሲሊን ተወግታ ለጥቂት እንደተረፈች ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን ስለ ብሩ እንጂ ስለ መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ፒፐራሲሊን ራሱ የፔኒሲሊን ዘመድ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መሐንዲስ በነበርኩ ጊዜ የጉድጓዱን ጥልቀት ሳንጠይቅ የውኃ ፓምፕ አንገዛም ነበር። ለአክስቴ ደም ሥር ግን ያንን ጥንቃቄ ነፈግኋት።

ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ልበል። ሁለት ነገር በአንድ ብልቃጥ ነው። ፒፐራሲሊን የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳል። ብዙ ባክቴሪያ ደግሞ ይህን መድኃኒት የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመርታል፤ ታዞባክታም ያንን ኢንዛይም ይይዝለታል። ጠንካራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል ካላቸው አንቲባዮቲኮች ውስጥ መድቦታል። ለጉንፋን አይሠራም። ቂጥ ላይ የሚወጋም አይደለም፤ በደም ሥር በዝግታ፣ ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ነው የሚገባው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። ከቫንኮማይሲን ጋር ሲሰጥ ኩላሊትን የመጉዳት ዕድሉ ይጨምራል። ከጄንታማይሲን ጋር በአንድ ከረጢት መቀላቀል የለበትም፤ ጄንታማይሲኑን ያከሽፈዋል። ከባድ ተቅማጥ ከጀመረም፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ቢሆን እንኳ፣ ለሐኪም ይነገራል።

አሁን ሂሳቡን እዩ። በተለመደው አሰጣጥ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በቀን 4 ብልቃጥ። ለ7 ቀን 28፣ ለ10 ቀን 40። እኔ ስንት ነበር የገዛሁት? 10! ባያስቆጣት ኖሮ እንኳ ለሁለት ቀን ተኩል ነበር። ከዚያስ? «ሌላ እስኪገኝ ትታገሥ» ልንል ነበር? ባክቴሪያ አይታገሥም። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 ኖቤል ሲቀበል ባደረገው ንግግር አስጠንቅቆናል፤ ያነሰ መጠን ተህዋስያኑን አይገድላቸውም፣ መድኃኒቱን መቋቋም ያስተምራቸዋል። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከዚህ ሻንጣ ውስጥ ይወትፋል። «ለእገሌ እናት የሠራ ነው» ብሎ የተረፈውን ለጎረቤት የሚያሻግርም አለ። ማን እንዳስመጣው ከማይታወቅ ነጋዴ የሚገዛም አለ። በኪኒን የሚድነውን ሰው «መርፌ ካልተወጋሁ» እያለ ሐኪም ሲያስጨንቅ ከዚህ ሆነን በስልክ የምንደግፈውም እኛው ነን። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ጥድፊያ ነው።

«አንተ በሰላም አገር ተቀምጠህ፣ መድኃኒት በጠፋበት አገር ምን አድርጉ ትለናለህ?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ መድኃኒት ይጠፋል፤ ቤተሰብ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል። አትላኩ አላልኩም። ጠይቃችሁ ላኩ ነው የምለው። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን በስልክ አግኙ። ማዘዣውን ፎቶ አስልኩ። ፔኒሲሊንም ሆነ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ መርፌ አስቆጥቶት ያውቃል? ኩላሊቱ ተመርምሯል? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል? ለሙሉው ሕክምና ስንት ብልቃጥ ያስፈልጋል? የካልቸር ምርመራ ተደርጓል? ካልተደረገ በገንዘብ ምክንያት ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ ላኩ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚነግረን እሱ ነው። ብሩ ለሙሉው የማይበቃ ከሆነም ሳይጀመር ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሌላ አማራጭ ሊኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉ። እናት አባታችሁ ጋ ደውሉና ምን መድኃኒት እንደሚያስቆጣቸው ጠይቁ። በወረቀት ተጽፎ ከመታወቂያቸው ጋር ይቀመጥ። እዚህ ማዶ በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ እውቀት እዚያ አልጋ ላይ ላለ ሰው ምንም አያደርግለትም።

መሳደብ የፈለገ ከታች ይጻፍ፤ አነባለሁ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፣ ልሂድ።