ሙግት ያለ ታዛቢ

በምግብ አዳራሹ ክርክር በተነሣ ቁጥር የለመድነው አንድ ነገር አለ። አንዱ «እንዲህ ነው»፥ ሌላው «አይደለም» ሲባባሉ ይቆዩና ሦስተኛው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከዊኪፔዲያ ላይ ሁለት መስመር ያነባል። ክርክሩ በዚያው ያበቃል፤ ተረቺውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሽሮው ይመለሳል። የተነበበውን ማን ጻፈው? ማንስ ከማን ጋር ተሟገተበት? ብሎ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። እኛም ራሳችን ሳንጠይቅ ኖረናል። ዛሬ ጥያቄውን በጓደኞቻችን ፊት ለማንሣት የወደድነው፥ ነገሩ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ከሌላው ይልቅ ከባድ ሆኖ ስለታየን ነው።

ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፥ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርምበት የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። ጽሑፉን የሚያቃኑ ደመወዝተኛ አዘጋጆች የሉትም። በእንግሊዝኛ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ አርእስት ተጽፎበታል። ይህን ያህል ሰው በአንድ መዝገብ ላይ ብዕሩን ሲያነሣ ጠብ መነሣቱ አይቀርም። ጠቡም ሁልጊዜ ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። እርጎ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ኤች» የምትባለው ፊደል ትግባ ወይስ ትቅር በሚል ሰዎች ለዓመታት ተከራክረው፥ ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን «ዓለም» በዓይኑ «ዐ» ይጻፍ ወይስ በአልፋው «አ»፥ «ፀሐይ» በየትኛው «ጸ» ትጀምር እየተባለ በእኛስ አገር ስንት ቀለም ፈስሷል! ስለዚህ በሰው እርጎ ለመሳቅ አንቸኩል።

ጠብ ሲነሣ የሚደረገው ሥርዓት ለአገራችን ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያም አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ ቢሽር፥ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም እንኳ ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ ከጀርባው የውይይት ገጽ አለውና ተሟጋቾቹ ወደዚያ ሄደው እንዲነጋገሩ ይጠበቃል። ካልተስማሙም በነገሩ ያልገባ ሦስተኛ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ይህ የጥንቱን የመንገድ ዳኛ ያስታውሰናል፤ ተሟጋቾች መንገደኛውን አስቁመው ከዛፍ ጥላ ሥር «ዳኘን» ይሉት ነበር። በዚያ እንዲህ ያለው ሰው የእርጎ ዝንብ አይባልም፤ ይመሰገናል እንጂ። ይህም ካልበቃ ጉዳዩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ቀን ያህል ሐሳብ ይሰጥበታል። የሚጠቃለለውም በጩኸትና በእጅ ቆጠራ ሳይሆን በቀረበው ምክንያትና ማስረጃ ክብደት እንዲሆን ደንቡ ያዛል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመን የመጨረሻው ዳኛ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፥ ጸሓፊዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት የግልግል ጉባኤ ነው። ጉባኤው ስለ ጽሑፉ እውነትነት አይፈርድም። የሚፈርደው ስለ ሰዎቹ ጠባይ ነው፤ ማን ሰደበ፥ ማን አስፈራራ፥ ማን በሁለት ስም ተደብቆ ጻፈ፥ ማን ማስረጃ አጣመመ የሚለውን ይመረምራል። ይህን በመጀመሪያ ስንረዳ ተናደድን። እውነትን ትቶ ጨዋነትን የሚመዝን ምን ዓይነት ዳኛ ነው? አልን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥበቡ ገባን። የታሪኩን፥ የሕክምናውን፥ የሃይማኖቱን እውነት ጥቂት ዳኞች ይወስኑ ቢባል መዝገቡ የእነዚያ ጥቂቶች ንብረት ይሆናል። ጠባይ ከተጠበቀ ግን ማስረጃ ያለው ሰው ማስረጃውን ይዞ እስከ መጨረሻው ሊቆም ይችላል።

ይህን የምንለው ከደሙ ንጹሕ ሆነን አይደለም። አንድ ጊዜ ስለ ትውልድ ቀያችን ጥቂት መስመር ጽፈን ነበር፤ በማግስቱ ተሰርዞ አገኘነው። መልሰን ጻፍን፥ እንደገና ተሰረዘ። የሰረዘውን ሰው ሳናውቀው ጠላን፤ ዘሩንና ዓላማውን ጭምር በሐሳባችን ፈጠርንለት። በኋላ የውይይት ገጹን ብንከፍት የጠበቀን «ምንጩ ምንድን ነው?» የሚል አጭር ጥያቄ ብቻ ነበር። ምንጫችን የአያታችን ጨዋታ ነው። አያታችን ዋሽተዋል አንልም፤ ነገር ግን የእሳቸውን ቃል ማንም አንባቢ ሄዶ ሊያረጋግጠው አይችልም። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ያልተገባው የእኛ ቁጣ ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህን ያህል መልካም ከሆነ ምን ያሳስባችኋል? የሚለን ይኖራል። የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ደንብ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፥ ታዛቢ ያስፈልገዋል። ለዚህ ምስክራችን የክሮኤሽያ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ነው። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የምርመራ ዘገባ እንደተገለጸው፥ ቢያንስ ከ2011 እስከ 2020 ድረስ አንድ የመጋቢዎች ቡድን መዝገቡን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የኡስታሻ መንግሥት በያሴኖቫች የእልቂት ሰፈር ሰርቦችን፥ አይሁዶችንና ሮማ የሚባሉትን ሕዝቦች በአስር ሺዎች እየቈጠረ ጨርሷል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ግን ይህ ወንጀል ተለዝቦና ተቃልሎ ይነበብ ነበር። የተቃወመ ሰው ይታገድ ነበር። ነገሩ ገፍቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ተማሪዎች በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈውን ዊኪፔዲያ እንዳይጠቀሙ እስከ መምከር ደረሱ።

ልብ እንበል፤ እዚያም የውይይት ገጽ ነበረ፥ መጋቢም ነበረ፥ ማገጃም ነበረ። ሰዎቹ ያገዱት በደንብ ስም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጥቂት ድር ካበረና የሚያይ ከሌለ ግን እውነትንም ያስራል። ነገሩ መስተካከል የጀመረው ከ2020 ወዲህ የሌላ ቋንቋ ጸሓፊዎች ጭምር ገብተው ሲነጋገሩበትና የቋንቋው ተጠቃሚዎች በብዛት ወጥተው ድምፅ ሲሰጡ ነው። ደንቡን ያዳነው ሕዝቡ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ አርእስት አለው። ዘወትር የሚጽፉበት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ለእነዚህ ትጉሃን ምስጋና እንጂ ነቀፋ የለንም። ነገር ግን አንድ ሰው ነገ ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ጦርነት የተዛባ ቃል ቢጽፍ የሚያየው ማን ነው? ስሕተቱን አይቶ ያረመውስ ቢሰደብ ማን ይገላግለዋል? መንገደኛ በማያልፍበት መንገድ የመንገድ ዳኛ አይገኝም።

«እኛ ብንገባበት ደግሞ የዶርማችንን ጠብ ይዘን ነው የምንገባው» የሚል ተቃውሞ ከወዳጆቻችን ሰምተናል። እውነት አላቸው። በማኅበራችን ስብሰባ «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አንተ ማን ነህና?» ብሎ የሚመልስ ሞልቷል። ዳሩ ግን ጠቡ በምግብ አዳራሽ ሲሆን ከጭብጨባው በቀር የሚቀር ነገር የለም፤ በዚያ መዝገብ ላይ ሲሆን የተናገርነው ሁሉ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ተጽፎ ይቀመጣል። ቃሉ እንደሚቀመጥበት የሚያውቅ ሰው ምላሱን ይገራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ስፍራ ይጠይቅልን። እዚያ ተቀምጠን ከመጻሕፍቱ እያጣቀስን እንጻፍ፤ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመስመሩ ጋር እንሟገት፤ ቁጣ ሲመጣ አንድ ሌሊት እንደርበት። ይልቁንም አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ማንም ከሚስማማው ወዳጁ ጋር ብቻ ተጠራርቶ አይምጣ። ተጠራርተው የገቡ ወዳጆች የሚያደርሱትን ከክሮኤሽያ አይተናል። እያንዳንዳችን አንድ የማይስማማንን ሰው ይዘን እንምጣ፤ ታዛቢያችን እሱ ነውና።