‹‹ከማንጎ ሌላ ምን አለ?›› አልካት እንዴ?

ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ አሳቀኝም፣ አናደደኝም። ጸሐፊው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት አብራው የቆየች ፍቅረኛ አለችው፤ የአሶሳ ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿ በርታዎች ናቸው። ‹‹እስቲ አገሬን ላሳይህ፤ ከአባቴም ጋር ትተዋወቃለህ›› ትለዋለች። እሱ ሆዬ ጓደኞቹ ፊት ‹‹አሶሳ ደግሞ ከማንጎ ሌላ ምን የሚታይ አለ?›› ብሎ ያስቃቸዋል። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ሲደውል ታነሳለች፣ ግን ከ‹‹እሺ›› እና ከ‹‹ደህና›› ሌላ ቃል የላትም። ‹‹ምን አጠፋሁ?›› ይለኛል ደግሞ!

አጥፍተሃል ወንድሜ። ብቻህን ግን አይደለህም። እኔም አንድ ጊዜ አሶሳ ሄጄ ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ሰው ‹‹እዚህ ታሪካዊ ቦታ የት ነው ያለው?›› ብዬ ጠይቄአለሁ። በልቤ የጎንደርን ግንብ የመሰለ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። ሰውየው ሻያቸውን ፉት አሉና ‹‹የክልሉን ስም ታውቃለህ?›› አሉኝ። ‹‹ቤኒሻንጉል ጉሙዝ›› አልኩ ኮራ ብዬ። ‹‹ቤኒሻንጉል ማለትስ?›› ጸጥ!

ለካ ነገሩ ‹‹ቤላ ሻንጉል›› ነው፤ በበርታ ቋንቋ የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩ መንጌ ወረዳ ውስጥ ያለ፣ አባቶች እንደ ቅዱስ ነገር ሲያከብሩት የኖረ ነው። ክልሉ የግማሽ ስሙን ያገኘው ከድንጋይ ነው እንግዲህ! እኔ ደግሞ ግንብ ፈላጊ!

አሁን ወዳንተ ልመለስ። አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ነው፣ አለዚያ አውሮፕላን አለልህ። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ታክሲ ያዝና ሸጎሌ ውረድ። አዎ፣ እዚሁ አዲስ አበባ! ‹‹ሸጎሌ›› የምትለው ሰፈር ሼህ ሆጀሌ ናቸው፤ ስማቸው በአፋችን ተጨማድዶ ነው እንዲህ የቀረው። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው አካባቢው ለአፄ ምኒልክ ሲገብር፣ ከዚያ ወዲያ ዋነኛው የአገሩ ሰው እሳቸው ሆኑ። ሸጎሌ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ያረፉት በ1930 ዓ.ም. ነው። ይህን ስታወራላት ግን ወርቅ ወርቁን ብቻ እንዳታወራ። በዚያ ዘመን ከወርቁ ጋር ሰውም ይገበር ነበር። የማን አያት እንደተወሰደች አታውቅም፤ ስለዚህ እሷ ስትናገር አንተ ስማ።

ኦሜድላንስ? ‹‹የፖሊስ ቡድን›› እንዳትለኝ! ቡድኑ ስሙን የወሰደው ሱዳን ድንበር ላይ ካለች የመተከል ቀበሌ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ አገራቸውን የረገጡት እዚያ ነው። ጉባ ደግሞ የሕዳሴ ግድብ አለ፤ መጋቢት 2003 ተጀምሮ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ሁለቱም ከአሶሳ ሩቅ ናቸው። የመንገዱንና የፈቃዱን ነገር የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቅ እግርህን እንዳታነሳ። ለመጀመሪያ ጉዞ መንጌ ይበቃሃል።

ሰርግ ከገጠመህ ግን ዕድለኛ ነህ፤ ዋዛ ትሰማለህ። ከቅል የተሠሩ ረጃጅም ጥሩምባዎች ናቸው። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማ የሚሆነው ሲገጣጠሙ ነው። አንዱ ከቀረ ይጎድላል። እኔ ሰምቼው ቀጥ ብዬ ቀርቻለሁ።

የአባቷን ነገር ቀላል አታድርገው። ‹‹አገር ላሳይህ›› ያለችህ ለሽርሽር መስሎሃል? ሴት ልጅ ሰው ይዛ አባቷ ቤት ስትገባ ነገሩ ሌላ ነው። ‹‹ምን አስበህ መጣህ?›› ቢሉህ መልስ ይኑርህ። መልስ ከሌለህ ደግሞ አትሂድ፣ ልጅቷንም አታሳፍራት። ሙስሊም ቤተሰብ መሆናቸውን ጽፈህልኛልና የጠርሙስ ስጦታ ይዘህ እንዳትገባ።

ዛሬ ማታ ደውልላት። ‹‹ይቅርታ፣ ቀልድ ነበር›› አትበል፤ ቀልድ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ የከፋትም እሱ ነው። ‹‹ቅዳሜ ሸጎሌ አብረን እንሂድ፣ ከዚያ መንጌን አንቺ ታሳዪኛለሽ›› በላት። እሷ ሸጎሌን አይታ የማታውቅ ከሆነም አትገረም፤ ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ እንጦጦን አላየም።

ያለችህን ጻፍልኝ።