የማይታየውን ሌንስ ማን ይመርምረው?

እ.ኤ.አ. በ2011 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቅ የነበሩት ዴቪድ ቻንድለርና ተማሪያቸው ዴቪድ ሊመር አንድ ጥናት አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች እጅግ ቀዝቅዞ ገና በረዶ ያልሆነ ውኃን በኮምፒውተር ስሌት የሚመረምር ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ ያለው ፈሳሽ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ሲልም ደመደመ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፓብሎ ዴቤኔዴቲ ቡድን ግን ያንኑ የውኃ ሞዴል ሲያሰላ በጥግግት የሚለያዩ ሁለት ፈሳሾችን አገኘ። ሞዴሉ አንድ፣ የፊዚክሱ ሕግ አንድ፣ መልሱ ግን የተቃረነ ሆነ። ክርክሩ ሰባት ዓመት ያህል ዘለቀ። በ2018 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች የበርክሌይን ፕሮግራም ኮድ መርምረው የልዩነቱን ምንጭ ይፋ አደረጉ፤ ለሞለኪውሎቹ የመነሻ ፍጥነት የሚሰጥበት ስልት የተሳሳተ ነበር።

ስሕተት የማይሠራ ሰው የለም፤ ሳይንስም በመተራረም ያድጋል። የሚያሳስበው ሰባት ዓመት መፍጀቱ ነው። ሁለቱ ወገኖች ስለ ውኃ ጠባይ ሲከራከሩ፣ ልዩነቱ ተደብቆ የኖረው ከአንደኛው መሣሪያ ውስጥ ነበር። ጸሐፊው የሚሟገትለት ሐሳብም ይኸው ነው፦ አልጎሪዝም የምርምር መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ተከፍቶ ሊፈተሽ፣ ሊጠገንና በጀት ሊመደብለት ይገባል።

ይህ እውነት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ኧርንስት ሩስካና ማክስ ኖል የመጀመሪያውን መሣሪያ በበርሊን የሠሩት በ1931 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ኦቶ ሸርትሰር የተለመዱት ክብ የኤሌክትሮን ሌንሶች ሊወገድ የማይችል የማደብዘዝ ጉድለት እንዳለባቸው በሒሳብ አረጋገጠ። የመስኩ ባለሙያዎች ይህን ጉድለት ለማረም ለአሠርት ዓመታት ደከሙ። በ2018 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሙለር ያሉበት ቡድን 0.39 አንግስትሮም የሚደርስ ጥራት ሲያስመዘግብ (አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) የተጠቀመበት መንገድ ግን ሌላ ነበር። የኤሌክትሮኑ ጨረር በናሙናው ላይ ባረፈበት በእያንዳንዱ ነጥብ ኤሌክትሮኖቹ የተበተኑበትን ንድፍ ልዩ መቅረጫ መዘገበ፤ ምስሉን ከእነዚያ ተደራራቢ ንድፎች መልሶ የገነባው ደግሞ አልጎሪዝሙ ነው። ሌንስ ያልቻለውን ስሌት ቻለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሩቅ የሚያይ ስሌት የሌለውንም ሊያይ ይችላል። ፕሮቲኖችን በቅጽበት አቀዝቅዞ የሚያነሣው ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እጅግ የደበዘዙ ምስሎችን በብዙ ሺህ ሰብስቦ፣ አስተካክሎ ይደራርባቸዋል። ለዚህ ስልት መዳበር በ2017 ዣክ ዱቦሼ፣ ዮአኪም ፍራንክና ሪቻርድ ሄንደርሰን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሆኖም ራሱ ሄንደርሰን በ2013 የሙያ ባልደረቦቹን በአንድ ማሳያ አስጠንቅቆ ነበር። ምንም ነገር የሌለባቸው፣ ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ብቻ የሆኑ 1,000 ምስሎች ከአልበርት አንስታይን ፎቶግራፍ ጋር እየተመሳከሩ ተስተካክለው ሲደራረቡ የአንስታይን ፊት ብቅ ይላል። ፊቱን የሳለው መረጃው አልነበረም፤ የተመራማሪው ግምት ነበር። የመድኃኒት ቅመማ በእንዲህ ዓይነት ምስል ላይ እንደሚመሠረት ስናስብ ነገሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ አለመሆኑ ይገባናል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ ለማሳተም የሚቸኩል ቡድንም ግምቱን ነክሶ ሥጋ አገኘሁ ሊል ይችላል።

ኮድን ይፋ ማድረግ የሚቃወሙ ተመራማሪዎች የሚያነሡት ነጥብ አይናቅም። አንድ የዶክትሬት ተማሪ አራትና አምስት ዓመት የደከመበትን ፕሮግራም ተፎካካሪ ወስዶ ሊቀድመው ይችላል፤ ኮዱን ለሌላ ሰው በሚገባ መልክ ማዘጋጀትም ጊዜ ይወስዳል፤ ደግሞስ በአሥር ሺህ የሚቆጠር መስመር ማን ያነባል? የመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ መክፈት ብቻውን ፍተሻ አይሆንም። ለዚህም መልካም አርአያ አለ። በ2016 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የኤሌክትሮኖችን ጠባይ የሚያሰሉ 15 ፕሮግራሞች በ71 ንጥረ ነገሮች ክሪስታሎች ላይ ጎን ለጎን ተፈትነው ነበር። አዳዲሶቹ ስልቶች እጅግ የተቀራረበ መልስ ሰጡ፤ አንዳንድ የቆዩት ግን ልዩነት አሳዩ። እምነት እንዲህ ነው የሚገነባው። ሥራው ግን ሰው ይፈልጋል፤ ማይክሮስኮፕን የሚንከባከብ ቋሚ ባለሙያ የሚቀጥር ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ወላጅ አልባ የሚቀረውን ኮድ የሚጠብቅ ባለሙያም ሊቀጥር ይገባዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ድርብ ትርጉም አለው። ዘመናዊ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር፣ የማይቆራረጥ ኃይልና ንዝረት የማይደርስበት ክፍል ይሻል። ስሌት ግን በአንድ ላፕቶፕ ሊጀመር ይችላል። በኤሌክትሮናዊ መዋቅር ስሌት ላይ አፍሪካውያን ወጣቶችን የሚያሠለጥነው ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት በ2018 በአዲስ አበባ ተካሂዷል። ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና በሩን የከፈቱት እንደ ኳንተም ኤስፕሬሶ ያሉ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ውስጣቸውን ሊያይና ሊያሻሽል የሚችላቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ኮዱ ሲዘጋ የአዲስ አበባው ተማሪ የሌሎችን ውጤት ተቀብሎ አማኝ ይሆናል፤ ሲከፈት ግን መርማሪ ይሆናል፤ የበርክሌይንም የፕሪንስተንንም ስሕተት ሊያገኝ ይችላል።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪዎች የምትሠሩ አንባብያን በዚህ ጉዳይ ድምፅ አላችሁ። የጥናት ገምጋሚ ስትሆኑ «ኮዱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደራሲ ስትሆኑ ደግሞ ጥያቄው እስኪመጣ ሳትጠብቁ ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ አውጡት።